ያሪሴ ዳገት ላይ ትታፈናለች፤ ፓምፕ ከመግዛቴ በፊት የነዳጅ ግፊት ልለካ?

ያሪስ_ከሰሚት

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ያሪስ 1.3 ናት፣ ሞተሯ 2ኤንዜድ። ሁለት ችግር አለባት። አንደኛው የጠዋት ነው፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ብዙ ካልዞረ አትነሳም። አንዴ ከተነሳች ከተማ ውስጥ ሰላም ናት። ሁለተኛው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የሚመጣው ነው። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትታፈናለች። አዳማ መንገድ ላይ ሰው ጭኜ ለመቅደም ስሞክርም ያው ነው። የቼክ ኢንጅን መብራት አንዳንዴ ይበራል፣ ከዚያ ራሱ ይጠፋል።

ካንዴላ ተቀይሯል። የአየር ፊልትሮው አዲስ ነው። ጋራዥ ስወስዳት ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ "ፓምፑ ነው፣ ገዝተህ ና" አሉኝ። የኦሪጅናሉ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ሶማሌ ተራ ሳጠያይቅ የግፊት መለኪያ ጌጅ ከነሳጥኑ አገኘሁ፣ ከፓምፑ በብዙ ይረክሳል። ገዝቼ ራሴ ብለካ ይሆናል? ስንት ነው ማንበብ ያለበት?

ጋሽ_ካቻቢቴ

ይሆናል ልጄ። ሳይለካ ፓምፕ ግዛ ያለህን ሰው አትስማው። ስንቱ ደህና ፓምፕ በግምት ተነቅሎ ተጥሏል መሰለህ።

ያንተ ሞተር መላሽ ቱቦ የለውም። ፓምፑ፣ ፊልትሮውና የግፊት መቆጣጠሪያው ሦስቱም አንድ ላይ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ውስጥ ናቸው፣ ከኋላ መቀመጫ ሥር። ትርፉ ቤንዚን እዚያው ሰልባትዮ ውስጥ ይፈሳል እንጂ ሞተር ድረስ ሄዶ አይመለስም። ስለዚህ ሞተሩ ፈጠነም ዘገየም ግፊቱ እዚያው አካባቢ መቆም አለበት፤ ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)። ጌጅህ በባር ከሆነ ከ3 እስከ 3.5 በለው።

ሰው የሚረሳው ሌላ ቁጥር አለ። ሞተሩን አጥፋና ጌጁን ሳትፈታ ጠብቅ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 21 ፒኤስአይ መቅረት አለበት። የጠዋቱ ጣጣህ መልሱ እዚህ ነው የሚመስለኝ። ቱቦው ሌሊቱን ባዶ ካደረ ጠዋት ፓምፑ እስኪሞላው ሞተሪኖው ይለፋል።

አሁን አፈታቱን ልንገርህ። ሞተር ጠፍቶም ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። ዝም ብለህ ብትፈታው ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው። መጀመሪያ የኋላ መቀመጫውን አንሣ፣ ክዳኑን ክፈት፣ የፓምፑን ሶኬት ንቀል። ሞተሩን አስነሣና ራሱ እስኪጠፋ ተወው። አንዴ ደግመህ አዙረው። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ወደ ኮፈን የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቱቦው ኢንጄክተሮቹ ወደተሰኩበት ሬል የሚገባበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለ። በጨርቅ ሸፍነህ ቀስ ብለህ አውጣውና የጌጁን ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገናኛ) መሀል አስገባ። ፋሸታውን (የቱቦ ማሰሪያውን) አጥብቅ። ሶኬቱንና ባትሪውን መልሰህ ስታስነሣ ዓይንህ መጀመሪያ ቱቦው ላይ ይሁን። አንዲት ጠብታ ካየህ አጥፋ።

እሳት ማጥፊያ አጠገብህ አስቀምጥ። የቡና ከሰል እየተቀጣጠለ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የቤንዚን ቱቦ ሲፈታ አይቻለሁ። ቡናው ይቆየን።

ቨርጂኒያ_ሹፌር

ጋሼ ሁሉን ብለውታል። እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ጌጅ መግዛት አያስፈልግም። ኦቶዞን ማስያዣ ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ፣ ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ብዙ የድሮ ፎርድና ጂኤም ሬሉ ላይ የጎማ ቫልቭ የመሰለ መለኪያ አፍ አለው፣ ጌጁን እዚያ ላይ ማጥበቅ ብቻ ነው። ቶዮታ ላይ ግን አትፈልጉት፣ አብዛኞቹ የላቸውም። ቲው ግድ ነው።

ያሪስ ከሰሚት፣ ቱቦ ከመፍታትህ በፊት ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ካገኘህ አንድ ነገር እይ። መብራቱ ሲበራ የሚይዘው ኮድ ፒ0171 ከሆነ ኮምፒዩተሩ "ቤንዚን አነሰኝ" እያለህ ነው። ያ ግን አየር እየገባም ሊሆን ይችላል፣ ቤንዚን እያነሰም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለይልህ የነዳጅ ማስተካከያው ፐርሰንት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ ስትነዳ ከወረደ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከወጣ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም።

ቤዛ_ዘዲዛየር

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የእኔ ዲዛየር እንዲህ የጀመራት ነዳጅ የጠፋ ሰሞን በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከቀዳሁ በኋላ ነው። ላምባ ደባልቀውበት ይሆናል አሉኝ። ጌጁ ይህንን ያሳያል?

ጋሽ_ካቻቢቴ

አያሳይም እህቴ። ጌጁ የሚያውቀው ግፊት ብቻ ነው፤ ቤንዚን ይሁን ላምባ ለሱ ያው ነው። ደህና ግፊት ካነበበና መኪናዋ ካንኳኳች ወይም ካጨሰች ሰልባትዮዋን አስወርደሽ አስቀጂ። ቆሻሻ ከነበረበት ደግሞ የፓምፑ ወንፊት ይዘጋና ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ ጌጁ በተዘዋዋሪ ይነግርሻል።

ለሁላችሁም አንድ ነገር ልበል። የነዳጅ ማለቂያው መብራት እስኪበራ ድረስ ሳትቀዱ አትንዱ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያውና በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ነው። ወረፋው አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሁልጊዜ በሪዘርቭ የሚሄድ ሰው ፓምፑን እየጠበሰው ነው።

ያሪስ_ከሰሚት

ጌጁን ገዛሁ። ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። እጄ ላይ ትንሽ ቤንዚን ከመንጠባጠቡ በቀር ሰላም ነው።

ቆሞ ሲሠራ 46።
ነዳጅ ሰጥቼ ሳፋጥነው 45፣ 46።
አጥፍቼ ከ5 ደቂቃ በኋላ 6።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቁልፉን ከፍቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ፓምፑ ድምፅ አያሰማም፣ ጌጁም አይንቀሳቀስም። ፓምፑ ደክሞ ነው?

ሶኬት_ከአዳማ

አይደለም። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ቁልፍ ብቻ ስትከፍት ዝም ቢል ጤነኛ ነው። በሌላ መኪና የለመደ ሰው "ፓምፑ ሞቷል" ብሎ የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ

46 ካነበበ ፓምፑ ደህና ነው ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ሌላ ነገር ፈልግ። ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ተዘግቶ ይሆናል፣ ማርሚታውን አስፈትሽ።

ጋሽ_ካቻቢቴ

ቸኮልክ። ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን ትንሽ ነው። የደከመ ፓምፕም ይህን አያጣም። ማርሽ ሳታስገባ ብታፋጥነውም ሸክም ስለሌለው ያው ነው። የቤት ቧንቧ ብርጭቆ ስትሞላበት ደህና ይመስላል፤ ባልዲ ስትደቅንበት ነው ጉዱ የሚታየው። እንጦጦ ላይ ስንት እንደሚያነብ ነው ማወቅ ያለብን።

እኛ ድሮ ረዥም ቱቦ ያለውን ጌጅ ከኮፈኑ አውጥተን በውጭ በኩል የመስታወት መጥረጊያው ሥር እናስረው ነበር። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ጌጁን ያያል። ዳገቱ መሀል ላይ ከ46 ወደ 35 ከወረደ ጉዳዩ አለቀ።

ቀይ_ጣሳ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይህን ለጀማሪ አይምከሩ። 46 ፒኤስአይ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ኮፈን ላይ አስሮ እንጦጦ ጠመዝማዛ ላይ መውጣት? ፋሸታው ቢላላ ከሥሩ የጋለ ማርሚታ አለ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ስካነሩን ነው። የምናየው ያንኑ ነው፣ ግን ምንም ነገር ሳይፈታ።

ጋሽ_ካቻቢቴ

እኔ በዚህ ሠርቼ አርጅቻለሁ። ግን ልክ ነህ፣ ረዳት የሌለው ሰው አይሞክረው። ጌጁን መኪና ውስጥ ማስገባት ደግሞ ለማንም ክልክል ነው። እሱ ላይ ክርክር የለም።

ቨርጂኒያ_ሹፌር

በስካነር የምታይ ከሆነ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ አትርገጠው። ሙሉ በሙሉ ስትረግጠው ኮምፒዩተሩ ማስተካከሉን ይተዋል፣ ቁጥሩም አይጠቅምህም። መካከለኛ አረጋገጥ፣ አንድ ማርሽ፣ ረጅም ዳገት። ቁጥሩን የሚያነብልህ ሰው ይዘህ ሂድ፣ አንተ መንገድህን እይ።

ኮሮላ_92

ክሩን ልጥለፍ፣ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። የኔ የድሮ ኮሮላ ናት፣ ፎር ኤ ሞተር፣ ኢንጄክተር ያለው። መቆጣጠሪያው ሬሉ ላይ ነው፣ ቀጭን የቫኪዩም (የሞተሩን መምጠጥ የሚያደርስ) ቱቦ አለው፣ መላሽም አለው። ቱቦውን ነቅዬ ስለካ 43፣ ሰክቼ ስለካ 38። መካኒኬ መጽሐፍ አሳየኝ፤ ሲነቀል ከ38 እስከ 44፣ ሲሰካ ከ31 እስከ 37 ይላል። "የተሰካው አልፏል፣ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል" አለኝ። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም።

ጋሽ_ካቻቢቴ

የት ነው የምትኖረው? አዲስ አበባ?

ኮሮላ_92

ፈረንሳይ ለጋሲዮን።

ጋሽ_ካቻቢቴ

አትቀይረው። ያ መቆጣጠሪያ የሚሠራው በሞተሩ ቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙ በጎተተው ልክ ግፊቱን ይቀንሳል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል። ሞተር ቆሞ ሲሠራ ጠረፍ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም የሚያነብ መኪና፣ እዚህ 13 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። ያረጀ ሞተር ከዚያም ዝቅ ይላል። ሁለት ኢንች ሜርኩሪ አንድ ፒኤስአይ ያህል ነው። ስለዚህ ቱቦውን ስትሰካ ያንተ ጌጅ የሚወርደው 5 ወይም 6 ብቻ ነው፣ እንደ ጠረፉ 10 አይወርድም። ድሬዳዋ ይዘሃት ብትወርድ የተሰካው ንባብ ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንስልሃል፣ ምንም ሳትነካ።

የተነቀለው ግን ከፍታ አይነካውም፤ የጌጁም የመቆጣጠሪያውም መነሻ ያው የውጩ አየር ነው። እሱ 43 ስላለ ደህና ነው። ቀጭኑን ቱቦ ነቅለህ አሽትተው። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከረጠበ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል፣ ያኔ ትቀይረዋለህ።

ሃይሉክስ_ሞጆ

እኔም ጌጁን ተውሼ ሃይሉክሴ ላይ ልሞክር ነበር። ዲ4ዲ ናት፣ ናፍጣ። ጉልበት ቀንሳለች።

ሶኬት_ከአዳማ

ወንድሜ ተው! የቤንዚን ጌጅ የሚለካው እስከ 100 ወይም 140 ፒኤስአይ ነው። ያንተ ሬል ውስጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ እንኳ ግፊቱ በመቶዎች ባር ነው፣ ጭነት ሲኖር ከ1000 ባር በላይ ይወጣል። በዚያ ግፊት ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንና ባያምህም በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚኬደው፣ እጅ እስከማጣት ያደርሳል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በእጅ እየዳሰሱ ማፍሰሻ መፈለግ የሚባል ነገር የለም። የሬሉ ግፊት የሚታየው በስካነር ብቻ ነው።

ከሰልባትዮ ሞተሩ ላይ እስካለው ፓምፕ ያለው ደግሞ የሚመጣው በመምጠጥ ነው፣ ግፊት የለውም። እዚያ የሚፈለገው የተዘጋ ፊልትሮና አየር የሚስብ ቱቦ ነው። ከፊልትሮው ጀምር፣ ውሃውን አውጣ።

ያሪስ_ከሰሚት

እንጦጦ ወጣሁ። ስካነሩን ወንድሜ ያዘልኝ። ኮዱ እንደተባለው ፒ0171 ነው። ማስተካከያው ቆሞ ሲሠራ ፕላስ 4፣ ዳገቱ ላይ ፕላስ 19 ደረሰ። እንግዲህ ፓምፑ ነው ማለት ነው? ልግዛ?

ሶኬት_ከአዳማ

ገና ነህ። ቤንዚን እየደረሰ አለመሆኑን ነው ያወቅከው፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅክም። ፓምፕ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቮልት ካነሰው አዲስም ይደክማል። መልቲሜትር አለህ?

ሞተሩ እየሠራ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ከጀርባው በኩል ለካ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ፓምፑ ላይ። ሶኬቱን ነቅለህ ብትለካ ምንም ጥቅም የለውም። የሚሄድ ከረንት ከሌለ የዛገ ሽቦም 12 ቮልት ሙሉ ያሳይሃል። ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት መልቲሜትሩን አገናኝ፣ ቤንዚን የሚሸትበት ቦታ ላይ ብልጭታ አንፈልግም።

ያሪስ_ከሰሚት

ባትሪ 13.9። ፓምፕ ላይ 10.6።

ሶኬት_ከአዳማ

አገኘንህ። ከ3 ቮልት በላይ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። አሁን ለሁለት ክፈለው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ አድርግ፤ በመስመሩ የጠፋው ቮልት ይታያል። ከዚያ ከፓምፑ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። ትልቁ ቁጥር ያለበት ጎን ነው ሌባው።

ያሪስ_ከሰሚት

በፖዘቲቭ በኩል 0.4። በኔጌቲቭ 2.9!

ሶኬት_ከአዳማ

ማሳው (ኔጌቲቩ ከመኪናው ገላ ጋር የሚገናኝበት) ነው። ሽቦውን ተከተለው፣ ገላው ላይ በቦልት የታሰረበት ቦታ አለ። ፍታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትግ፣ መልሰህ እሰር፣ ትንሽ ግሪስ ቀባው።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ

ለኛ ገበያ ጥሩ ምክር አይደለም 😀

ያሪስ_ከሰሚት

ምንጣፉ ሥር ውሃ ገብቶ ቦልቱ አረንጓዴ ሆኗል። ጠረግኩት። አሁን ፓምፑ ላይ 13.3 ነው። እንጦጦን ደግሜ ወጣሁ፣ ማስተካከያው ከፕላስ 5 አላለፈም። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። ሶኬት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

የጠዋቱ ግን እንዳለ ነው። ሲጠፋ ግፊቱ አሁንም ይወርዳል።

ጋሽ_ካቻቢቴ

እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ማሳው አይመለከተውም። ቤንዚኑ የሚሸሽበት መንገድ ሦስት ነው። በፓምፑ አፍ ላይ ያለው መላሽ ከልካይ ቫልቭ፣ መቆጣጠሪያው፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር። የጌጅህ ሳጥን ውስጥ መዝጊያ ያለው ቱቦ ካለ ከሰልባትዮ በሚመጣው በኩል አስገባው። አስነሣ፣ አጥፋ፣ ወዲያው ዝጋ። ከዘጋህ በኋላም ከወረደ ጥፋቱ ኢንጄክተር ነው። ከቆመ ሰልባትዮው ውስጥ ነው። የፕላስቲኩን ቱቦ ግን በፒንሳ ቆንጥጬ እዘጋለሁ እንዳትል፣ ይሰነጠቃል።

ኢንጄክተር ከሆነ ቸል አትበለው። ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አሽትት።

ያሪስ_ከሰሚት

ዘጋሁት፣ 42 ላይ ቆመ። ዘይቱ አይሸትም። ሰልባትዮው ውስጥ ነው እንግዲህ። በመጨረሻ ፓምፕ መግዛቴ ነው?

ጋሽ_ካቻቢቴ

ምናልባት። ከልካይ ቫልቩ ፓምፑ ውስጥ ያለ ስለሆነ ለብቻው አይጠገንም። ግን መቆጣጠሪያው የሚሰካበት ቦታ ላይ ኦሪንግ አለ፣ እሱም ሲደርቅ ያፈስሳል። መጀመሪያ እሱን ቀይር፣ ገንዘቡ ምንም አይደለም። ካልሆነም አትጨነቅ። ወደ ውጭ እስካላፈሰሰና እስካልሸተተ ድረስ ጠዋት ትንሽ ማዞር ሰው አይገድልም። ፀሐይ ላይ ቆማ ሞተሩ እንደጋለ አልነሳ ካለችህ ግን አታቆየው። ግፊት የሌለበት ቤንዚን ሲግል ቱቦው ውስጥ ይፈላል፣ ከፍታችን ደግሞ ያባብሰዋል።

ቤዛ_ዘዲዛየር

የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ስለተከለከለ ያለንን ማስታመም ነው እንግዲህ። የኤሌክትሪክ የገዙት ጎረቤቶቼ እዚህ ክር ላይ ሥራ የላቸውም።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ

ያሪስ፣ ኦሪንጉን ስትገዛ "የቤንዚን፣ ቪቶን" ብለህ ጠይቅ። የውሃ ቧንቧውን ከሰጡህ ቤንዚን ውስጥ አብጦ ይፈታል። የክዳኑን ትልቁን ጎማም አብረህ ግዛ። አንዴ ከተከፈተ ድሮው ተመልሶ በደንብ አይገጥምም፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸትሃል።

ያሪስ_ከሰሚት

ሁለቱንም አገኘሁ። ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፣ አሁን ግማሽ ሰልባትዮ አለ።

ጋሽ_ካቻቢቴ

ግማሽ ብዙ ነው፣ ከሩብ በታች እስኪሆን ንዳት። ለአንድ ቀን ይፈቀድልሃል። አራቱንም በር ክፈት፣ ባትሪውን ፍታ፣ ደጅ ላይ ሥራ። ባትሪውን ከመፍታትህ በፊት ግን ግፊቱን እንደ መጀመሪያው አስወጣ፣ የላይኛውን ቱቦ የምትነቅለው ከዚያ በኋላ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ ጥረግ፣ አለዚያ እሱ ነው ሰልባትዮው ውስጥ የሚገባው።

ያሪስ_ከሰሚት

እሺ ጋሼ።